ከድልድዩ የተረፈው አንድ እግር

ትዝታ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሽበት አላቸው። የእኔ ሦስት አራት ቢሆን ነው፤ እሱንም ፀጉር ስሠራ ጓደኞቼ እየሳቁ ይነቅሉልኛል። ስለዚህ «በእኛ ጊዜ» ብዬ ለመጀመር ትንሽ አፍራለሁ። ግን ባለፈው ወር፣ ወልድያ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ፣ አንድ ፎቶግራፍ የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ቆምኩበት የወንዝ ዳር መለሰኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳልጽፈው ብቀር እንደ ልማዴ ዝም አልኩ ማለት ነው፤ ከዝምታ ጋር ደግሞ የቆየ ሒሳብ አለኝ።

ትምህርቱ ስለ ጥንታዊት ሮም ነበር። መጽሐፉ ላይ አንድ ሰፊ ወንዝ አለ፤ መሃሉ ላይ ሮማውያን በዚያ ሩቅ ዘመን የሠሩት ድልድይ ፍራሽ ቆሟል። አንድ የድንጋይ ዓምድ፣ ከላዩ ወደ አንድ ወገን ብቻ የተንጠለጠለ የቅስት ቁራጭ፣ በስንጥቁ ውስጥ የበቀለ ሣር። ውሃው ዓምዱ ጋ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ ያልፋል። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የማያሻግር ድልድይ ምን ያደርግላቸዋል?» አለች። «ለቱሪስት ነዋ» አለ ከጎኗ ያለው ልጅ፤ ክፍሉ ሳቀ። እኔም ስለ ቅርስ አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ተናገርኩና ደወሉ ገላገለኝ። መምህራን ማረፊያ ገብቼ መጽሐፉን እንደገና ገለጥኩት። የማያሻግር ድልድይ ምን እንደሚያደርግ በደንብ አውቃለሁ። መርሳ ከተማ፣ በወንዙ በኩል ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የእኛውን የሠሩት የእነዚያው የሮማ ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው፤ ሰው «የጣሊያን ድልድይ» ይለዋል። ያኔ መንገዱ ከከተማው ጀርባ ወርዶ ወንዙን ያቋርጥ ነበር አሉ። ኋላ አስፋልቱ በሌላ በኩል ሲያልፍ አዲስ ድልድይ እዚያ ተሠራለት፤ አሮጌውን የሚጠግነው ጠፋ፤ አንድ ክረምት ጎርፍ መሃሉን ይዞት ወረደ። ይህ ሁሉ እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። እኔ የደረስኩት በሁለት ነገር ላይ ነው፤ በእኛ ዳር ከመሬቱ ተነሥቶ ወደ ወንዙ ሁለት እርምጃ ያህል ተዘርግቶ የቀረ ግማሽ ቅስት፣ እና ውሃው ውስጥ ብቻውን የቆመ አንድ የድልድይ እግር። ከማዶ ያሉት መንደሮች ሰዎች መርሳ ለመምጣት ወይ በአስፋልቱ ድልድይ ዞረው ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳሉ፣ ወይ ከእግሩ ሥር ባለው መሻገሪያ ውሃውን ረግጠው ያልፋሉ። ሸክም የያዘ ሰው አይዞርም። ሁሉም የሚያልፈው በውሃው ነበር።

የእግሩ ጥርብ ድንጋዮች በረድፍ በረድፍ ናቸው፤ ረድፎቹም ስም አላቸው። ከታች የመጀመሪያው ቁርጭምጭሚት ይባላል። ከሱ በላይ ጉልበት፣ ከዚያ ጭን፣ ከዚያ ወገብ። ከወገብ በላይ ስም የለም፤ ውሃ እዚያ ከደረሰ የሚጠይቅም የሚመልስም የለማ። ውሃው ጉልበት የተባለውን ድንጋይ ሲነካ፣ መሻገሪያው ላይም እስከ ጉልበት ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ማን በገላው ለክቶ ስም እንዳወጣላቸው የሚያውቅ አላገኘሁም። ረድፎቹ በግልጽ የሚታዩት ግን በእኛ በኩል ብቻ ነው፤ በማዶ በኩል ያለውን ፊት ጎርፍ ልጦት ለስልሷል። ስለዚህ ከማዶ የመጣ ሰው ዳር ላይ ቆሞ «ውሃው የት ነው?» ብሎ ይጣራል። በእኛ በኩል ያለ ማንም ሰው፣ ልብስ አጣቢም ይሁን አህያ ነጂ፣ ሥራውን ትቶ ያይና የድንጋዩን ስም ይመልሳል። ሳይመልሱ ማለፍ ነውር ነበር፤ ሰላምታ ሳይመልሱ ማለፍ ይሻል ነበር።

ያን ጊዜ አባቴ በዋናው መንገድ ዳር፣ ጋሪዎች በሚቆሙበት ማዕዘን ላይ ሱቅ ነበረው። ጨው፣ ባትሪ ድንጋይ፣ የፋኖስ መስታወት፣ ከጣሪያው በገመድ የተንጠለጠሉ የላስቲክ ጫማዎች። ባጃጅ ገና መግባቱ ነበር፤ የመጀመሪያው ባለባጃጅ የኋላ መስታወቱን በፕላስቲክ አበባ አስጊጦት ስለነበር ሰው ለመሳፈር ሳይሆን ለማየት ይከበው ነበር። ከሱቃችን ፊት ለፊት ካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ ጠዋት አምባሰል፣ ከሰዓት በኋላ ትዝታ ይከፍታል፤ ለምን ሲሉት «ሙቀቱ ሲበረታ የሰው ሆድ ይባባል» ይል ነበር። የደሴ አውቶቡስ ሲቆም ሴቶች ማንጎና ብርቱካን በሳፋ ይዘው ወደ መስኮቶቹ ይሮጣሉ፤ አራት ማንጎ በአንድ ብር፣ አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ደግሞ አምስት። እኛ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሰማያዊ ሹራብ ለብሰን ትምህርት ቤት እንሄዳለን፤ ዩኒፎርም ነውና ማውለቅ አይቻልም። ዛሬ በዚያ ማዕዘን ላይ ስልክ የሚጠግኑ ልጆች ተደርድረዋል፤ ካሴት ቤቱም ባንክ ሆኗል። በመሃል ክፉ ቀኖች አልፈዋል፤ ሱቁም የአባቴም ዕድሜ በእነሱ ውስጥ አለቀ። ስለ እነሱ ሌላ ሰው ይጻፍ።

ዘይነባ የማዶ ልጅ ናት። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አጠገቤ የተቀመጠች ናት። እኔ ሰው ፊት መናገር ሞቴ ነበር፤ መምህር ሲጠይቅ መልሱን በሹክሹክታ እነግራታለሁ፣ እሷ እጇን አውጥታ ትናገረዋለች። «አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ እጮሃለሁ፤ ሁለታችን ተደምረን አንድ ጎበዝ ተማሪ ይወጣናል» ትለኝ ነበር። በየጠዋቱ ጫማዋን በማሰሪያው አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወንዙን ታልፋለች። ትምህርት ቤት ስትደርስ ሁልጊዜ የቀሚሷ ጫፍ እርጥብ ነው።

በበልግና በክረምት፣ ውሃው ጉልበት ሲደርስ፣ ሰው የሚያሻግሩት አያ ሰይድ ነበሩ። ረጅም ናቸው፤ ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው ይታጠቁና ከራሳቸው የሚበልጥ የወይራ ዘንግ ይዘው ይገባሉ። ቤታቸው ማዶ ነው፤ ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጓሮው ውስጥ አንዲት ማንጎ ያለችበት። ገበያተኛ የሻውን ይሰጣቸዋል፤ ከተማሪ ግን ምንም አይቀበሉም። እኔን ሲያገኙኝ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽ ውሃው ጋ ሳይደርስ ይሞታል። ከሆድሽ አውጪው።»

ማትሪክ በምንፈተንበት ዓመት በልጉ ዘገየ። ወንዙ እስከ ግንቦት ድረስ በየድንጋዩ መሃል የሚንሸራተት ቀጭን ውሃ ነበር። ሱቁ ስለሚረብሸኝ ከሰዓት በኋላ ደብተሬን ይዤ ወርጄ በግማሹ ቅስት ጥላ ሥር አጠናለሁ። ከፈተናው በፊት በነበረው ሳምንት ገልባጭ መኪናዎች መምጣት ጀመሩ። በየከተማው ቤት የሚሠራበት ጊዜ ነበርና አሸዋ ይፈለጋል፤ ከእግሩ ወደ ላይ፣ ወንዙ ከሚመጣበት በኩል ያለው አሸዋ ደግሞ ንጹሕ ነው። ጫኞቹ ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ፤ በአካፋ እየቆፈሩ መሻገሪያው ድረስ ደረሱ። ከፈተናው ሁለት ቀን በፊት ቀና ስል አንዱ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ ከደረቱ በላይ ብቻ ይታየኛል። ትምህርት ለጥናት ስለተዘጋ ዘይነባ በዚያ ሳምንት አልተሻገረችም፤ ሌላውም ሰው ውሃው ቀጭን ስለነበር በፈለገው በኩል ነበር የሚያልፈው። አያ ሰይድ በዚያ ሳምንት አልነበሩም፤ እኅታቸው አርፈው ለለቅሶ ሐራ ሄደው ነበር። የተመለሱት በፈተናው ዋዜማ አመሻሽ ላይ ነው። በዚያው ምሽት ደጋው ላይ ዘነበ።

ጠዋት እንደ ተቀጣጠርነው ዘይነባን ልጠብቅ ወረድኩ። ወንዙ ሞልቶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ የጋለ ድንጋይ ሲርስ የሚወጣው ሽታ አገሩን ሞልቶታል። ጉድጓዱ የለም፤ ውሃው ላዩ ጠፍጣፋ ነው። ማዶ ላይ አያ ሰይድ፣ ዘይነባና ሁለት ተፈታኝ ልጆች ቆመዋል። ከልጆቹ አንዱ የእትዬ ደብሪቱ ነው፤ እናቱ ነጠላዋን አጣፍታ ልትሸኘው መጥታለች። ከኋላቸው ገበያተኞች ሸክማቸውን አውርደው ይጠብቃሉ። ዘይነባ የመፈተኛ ካርዷን በፌስታል ጠቅልላ ራሷ ላይ በሻሽ አስራለች።

«ገነት፣ ውሃው የት ነው?» አሉ አያ ሰይድ።

ድንጋዩን አየሁ። «ጉልበት ላይ ነው» አልኩ።

«አልሰማሁም፤ ከሆድሽ አውጪው።»

«ጉልበት ነው ያለችው» ብላ ዘይነባ ሳቀች። «እኔ የሷን ከንፈር አነባለሁ አያ ሰይድ፣ ጆሮዎን አያድክሙ።»

«በሉ እንግዲህ፣ ቢስሚላህ» አሉና እጅ ለእጅ አያይዘዋቸው ገቡ።

ያን ጊዜ ነው ጉድጓዱ ትዝ ያለኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ከመጀመሪያውም አልረሳሁትም። ድንጋዩን ሳየው አብሬ አስቤዋለሁ። አያ ሰይድ ሳይነገራቸው አይቀሩም አልኩ። ጎርፉ መልሶ ሞልቶት ይሆናል አልኩ። ይህ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ ወንዙን ከእኔ ዕድሜ በላይ ለሚያውቁት ሰውዬ ስለ ወንዙ ልነግራቸው ነው እንዴ አልኩ። «አያ ሰይድ» የሚለውን ስም አፌ ውስጥ ይዤዋለሁ። ስድስት ሰባት እርምጃ ገብተዋል። ትንሽ ሲቀርቡ እነግራቸዋለሁ፣ ሲቀርቡ መጮህ አያስፈልገኝም ብዬ አሰብኩ።

ዘይነባ ከሰልፉ ወደ ታች በኩል ነበረች። እግሯ መሬት አጣ። አልጮኸችም፤ በቃ ራሷ ጠፋ። አያ ሰይድ ዘንጋቸውን ጣሉ፤ ልጆቹን ወደ ዳር ገፈተሯቸውና ወደ እሷ ተወረወሩ። ጎርፉ ሁለቱን አዙሮ ከድልድዩ እግር ጋር አላተማቸው። የአያ ሰይድ ትከሻ ሲመታ የተሰማው ድምፅ እኔ ጋ ደርሷል። ግን በግራ እጃቸው እሷን፣ በቀኙ የድንጋዩን ጠርዝ እንደያዙ ቆዩ፤ ገበያተኞቹ ገመድ ወርውረው እስኪያወጧቸው ድረስ። ዘይነባ ብዙ ውሃ ጠጥታ ነበር። ካርዱም ፌስታሉም ሻሹም ወርደዋል። ስሟን መናገር ስትችል ፈተናው ከተጀመረ ቆይቷል። እኔ ሄጄ ተፈተንኩ። ጥሩ ውጤትም አመጣሁ።

ዘይነባን አባቷ ሌላ ዓመት አላስጠበቋትም፤ በጥቅምት ተዳረች።

ጎርፉ ሲጎድል ጉድጓዱን ራሱ በአሸዋ ደፍኖት ነበር፤ ለመፈለግ የወረደ ሰው እንኳ ባላገኘው። ገልባጮቹን ያየ አለ፤ የት የት እንደ ቆፈሩ ግን ማን ልብ ይላል። በሳምንቱ ሽማግሌዎች ከማዶ ባለው ሾላ ሥር ተቀመጡ። አባቴ ይዞኝ ሄደ። አያ ሰይድ ክንዳቸውን በሻሽ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር።

«ከእንግዲህ የልጄን እጅ ለእሳቸው አልሰጥም» አለች እትዬ ደብሪቱ። «ጫት ሲቅሙ አድረው ነው የገቡት። ውሃ መለየት ተስኗቸዋል።»

«እኔ በልጄ በኩል ያለውን ነው የምናገረው» አለ አባቴ። «ገነት ምስክር ናት። ጉልበት ብላለች፣ ጉልበትም ነበር።»

አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። «ጉልበት ላይ ነበር፣ የኔ ልጅ?»

«አዎ» አልኩ።

እውነት ነበር። ከዚያ እውነት የከፋ ውሸት እስከ ዛሬ ተናግሬ አላውቅም።

«ልጅቱ የነገረችኝ ልክ ነው» አሉ አያ ሰይድ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ምን እንደ ነካኝ አላህ ያውቃል።»

ከዚያ በኋላ እጁን የሚሰጣቸው ሰው ጠፋ። እሳቸውም ዘንግ ይዘው አልወረዱም። እኔ ደሴ፣ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ፤ ለበዓል ስመጣ በአስፋልቱ በኩል ገብቼ በአስፋልቱ በኩል እወጣለሁ። ታሪክ አጠናሁ። ምስክርነት ምን ያህል እንደሚታመን፣ ሰው ያየውን ለምን እንደሚያስቀር ብዙ አነበብኩ፤ በጽሑፍም መለስኩ። በጽሑፍ ስመልስ ጎበዝ ነኝ።

ያን ፎቶግራፍ ካየሁ በኋላ በነበረው ዓርብ ወደ መርሳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እናቴን ልጠይቅ ነው ብዬ ነበር ለራሴ የነገርኩት። ከኋላ ወንበር፣ በልብስ ጥቅሎች መሃል የተቀመጠች ሴት ስታየኝ ቆየችና፣

«ይቺ የማትናገረዋ ልጅ አይደለችም እንዴ?» አለች።

«ዘይነባ።»

«ወላሂ ስሜን ጮክ ብለሽ ጠራሽው። ዩኒቨርሲቲው ጠቅሞሻል።» ጥቅሎቿን ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠችኝ። መርሳ የልብስ ሱቅ አላት፤ ሦስት ልጆች ወልዳለች፤ ትልቋ ስምንተኛ ክፍል ናት። «እሷማ የእኔን አፍና ያንቺን ጭንቅላት ነው የወሰደችው» አለችኝ። እየሳቅን ሲሪንቃ ደረስን። ሰው ሲወርድ ሲሳፈር እሷ ሰዓቷን አየችና «ነገ ገበያ ነው፤ ቀድሜ ወንዝ ወርጄ ማንጎዬን ልቀበል» አለች።

«የምን ማንጎ?»

«የአያ ሰይድ ነዋ። አልሰማሽም? ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዛፋቸው መጀመሪያ የሚበስለው ለእኔ ነው። ልጆቻቸው እንኳ አይቀምሱም። ስንቴ ለመንኳቸው መሰለሽ። ‹ይተዉት፣ አልሞትኩም እኮ› እላቸዋለሁ። ‹ባትሞቺም ከእጄ ወድቀሻል› ይሉኛል። እንደ ካሣ ነው የያዙት። ዛፏ ራሷ አርጅታለች፤ አምና ሦስት ብቻ አፈራች፣ ሁለቱን ለእኔ ላኩ። ልጆቼ ይሻሙበታል፤ እኔን ግን ከጉሮሮዬ አይወርድልኝም።»

መኪናው ተነሣ። በመስኮቱ በኩል የማሽላ ማሳ ያልፋል።

«ዘይነባ» አልኩ። «ጉድጓዱን አይቼው ነበር። አሸዋ ጫኞች ሲቆፍሩ እዚያው ሆኜ አይቻለሁ። እሳቸው አያውቁም ነበር። ዝም አልኩ።»

እስከ መርሳ ድረስ ምንም አልተናገረችም። እሷ ዝም ስትል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስንወርድ ጥቅሏን በአንድ ክንዷ አቅፋ ቆመች።

«እኔ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ነግጃለሁ» አለች። «ብፈተን ምን እንደምሆን አላውቅም፤ አንቺም አታውቂውም። የእኔን ተዪው። እሳቸው ግን ያልበሉትን ማንጎ ቁጠሪ። ነገ ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ። የዛሬውን እኔ እጄን አውጥቼ አልመልስልሽም።»

በማግስቱ ማልደን ወረድን። የድልድዩ እግር እንደ ነበረ ነው። ትንሽ ያዘነበለ መሰለኝ፤ ወይም እኔ ረዝሜያለሁ። ስንጥቁ ውስጥ ሣር በቅሏል፤ መጽሐፉ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። አዲስ ድልድይ ሊሠራ ነው ይባላል አለች ዘይነባ፤ ልጅ ሳለንም ይባል ነበር። ውሃው ትንሽ ነበርና ጫማችንን አውልቀን አለፍን። ማዶ ላይ ገበያተኛው መሰብሰብ ጀምሯል፤ ዶሮ የያዘ፣ የሽንኩርት ጆንያ አህያ ላይ የሚያጠብቅ። አያ ሰይድ ሾላው ሥር ተቀምጠዋል። ቀኝ ክንዳቸው ከጭናቸው አይነሣም። በጨርቅ የተጠቀለለ ማንጎ ይዘዋል።

ዘይነባ እጃቸውን ስማ ዞር አለች። እኔ አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ከዚያ ሌላውን ነገርኳቸው። ረጅም አልነበረም። ይህን ሁሉ ዓመት የተሸከምኩት ነገር በአራት ዐረፍተ ነገር አለቀ።

«ጉድጓዱ የት ጋ ነበር?» አሉ።

«ከእግሩ ወደ ላይ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው፤ ወደዚህ ዳር ጠጋ ብሎ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ እርምጃ እየቆጠሩ መሰለኝ። «ዘይነባ የነበረችበት» አሉ።

«አዎ።»

«ድንጋዩ አልዋሸኝም እንግዲህ።»

«አልዋሸዎትም።»

«እኔ እኮ ያን ጠዋት እስከ ዛሬ እየረገጥኩት ነው። የቱ ጋ እንደ ሳትኩ ስፈልግ።» ማንጎውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ ለማን እንደሚሰጡት የጠፋቸው ይመስሉ ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰው ነበረ፤ አፈርኩ። አፉ በሉኝ አያ ሰይድ።»

«እኔ አፉ ብያለሁ።» በአገጫቸው ወደ ገበያተኛው ጠቆሙ። «ግን ለእኔ በጆሮዬ ነው የነገርሽኝ። ውሃ አያውቅም የተባልኩት በዚህ ሰው መሃል ነው። ተሻገሪና ያኔ ከቆምሽበት ሆነሽ ንገሪው። እኔ እንደ ድሮው እጠይቅሻለሁ።»

ተመልሼ ተሻገርኩ። ግማሹ ቅስት ላይ ወጣሁ። ከዚያ ሆኖ ሲታይ የማዶው ሰው ብዙ ነው። ሁለት ሦስቱን አወቅኋቸው፤ አንዷ እትዬ ደብሪቱ ናት፤ ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፣ ነጠላዋን ግን እንደ ያኔው አጣፍታለች። አያ ሰይድ በዘይነባ ተደግፈው ተነሡ።

«ገነት፣ ውሃው የት ነው?»

ሰው ዞር ዞር አለ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን የሚጠይቅ ድምፅ ከእሳቸው አልሰማም።

«ቁርጭምጭሚት ላይ ነው።»

«አልሰማሁም፤ ከሆድሽ አውጪው።»

«ቁርጭምጭሚት ላይ ነው» አልኩ፤ ድምፄ ከማዶው ዳር ተመልሶ መጣ። ከተመለሰ በኋላ ማቆም ከመቀጠል ይልቅ የሚከብድ መሰለኝ። «ዘይነባ የወደቀች ቀን ጉልበት ላይ ነበር። አያ ሰይድ አልተሳሳቱም። መሻገሪያው ላይ አሸዋ ጫኞች የቆፈሩት ጉድጓድ ነበር፤ እሳቸው ሐራ ለቅሶ ላይ ስለነበሩ አላዩትም። እኔ አይቼዋለሁ። እያወቅሁ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ጆንያ የሚያጠብቀው ሰውዬ እጁን አቆመ። አህያው እንኳ ቆሞ ነበር። እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት ራሷን ስትነቀንቅ አየሁ፤ አንድ ሰውዬ ለጎረቤቱ ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ መልካም ነገር አይመስለኝም፤ ይገባኛልም።

ከዚያ እትዬ ደብሪቱ ዘንቢሏን ከመሬት አነሣች። ወደ ውሃው የምትገባ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ወደ ሾላው ሄደች። አያ ሰይድ ፊት ቆመችና እጇን ዘረጋች።

«ያሻግሩኝ» አለች።

«ውሃው እኮ ቁርጭምጭሚት ነው ደብሪቱ።»

«ሰምቻለሁ» አለች፤ እጇን ግን አልመለሰችም።

አያ ሰይድ ማንጎውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተው፣ በሚነሣው በግራ እጃቸው ያዟትና ገቡ።